ሊዮ ፌንደርና የባስ ጊታር ሠሪዎች፤ እውነቱና ወሬው

የአንድ ሰው ስም እየገነነ በሄደ መጠን የሥራው ታሪክ እየተምታታ ይሄዳል። ሌሎች የሠሩት ለእርሱ ይቆጠርለታል፤ እርሱ የሠራውም አንዳንድ ጊዜ ለሌላ ይሰጣል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይወፍራል፤ እውነቱ ግን ጠያቂ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የአሜሪካዊው የጊታር ፋብሪካ ባለቤት የሊዮ ፌንደር ታሪክም እንደዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር በሚሰማበት አገር ሁሉ ስሙ በጊታሩ ራስ ላይ ተጽፎ ይታያል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከፋብሪካው የወጡት ባስ ጊታሮች ዛሬ ለሰብሳቢዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች ማን ሠራቸው የሚለው ጥያቄ በአንድ በኩል የገንዘብ ጥያቄ ነው። በሌላው በኩል ግን የላብን ዋጋ ለባለላቡ የመመለስ ጥያቄ ስለሆነ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ይኸኛው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት ከልደቱ እስከ ሞቱ እየተከተልን፣ በየመንገዱ የምናገኘውን ወሬ ከእውነቱ ለመለየት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ነሐሴ 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ፣ አናሃይምና ፉለርተን በሚባሉት ከተሞች አቅራቢያ ተወለደ። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጥቶበት ዓይኑ ስለ ወጣ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የመስተዋት ዓይን አድርጎ ኖረ። በ14 ዓመቱ ገደማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የነበረው አጎቱ ያረጁ የሬዲዮ ዕቃዎች የሞሉበት ሣጥን ላከለት። በሚቀጥለው ዓመትም ወደ አጎቱ ሱቅ ሄዶ፣ አጎቱ ራሱ የሠራው ሬዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጮህ ሰማ። የሕይወቱ አቅጣጫ ከዚያ ጀምሮ ተወሰነ ማለት ይቻላል። ልጁ ሬዲዮ እየፈታ፣ እየገጠመና እየጠገነ አደገ።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ኤሌክትሪክን አልነበረም። በ1928 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ኮሌጅ ሲገባ የሒሳብ አያያዝ አጠና፤ ሥራ የያዘውም በሒሳብ ሠራተኛነት ነበር። በ1930ዎቹ በአሜሪካ የኑሮ ውድቀት በደረሰ ጊዜ እርሱም እንደ ብዙዎቹ ሥራውን አጣ። በዚህን ጊዜ 600 ዶላር ተበድሮ በ1938 በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ወደዚህ ሱቅ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ሬዲዮውን፣ የየመንደሩ ሙዚቀኛ ደግሞ የድምፅ ማጉያውንና ጊታሩን ይዞ ይመጣ ነበር። ፌንደር የሙዚቀኞችን ችግር የተማረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ወሬ እዚህ ላይ ይገጥመናል። ብዙ ሰው ሊዮ ፌንደርን ታላቅ የጊታር ተጫዋች አድርጎ ይገምተዋል። እውነቱ ግን በልጅነቱ ፒያኖና ሳክስፎን ጥቂት ከመሞከሩ በቀር ጊታር መጫወት ፈጽሞ አልተማረም። አዲስ መሣሪያ በሠራ ቁጥር እየወሰደ የሚያስሞክረው በየጭፈራ ቤቱ ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች ነበር፤ የሚነግሩትንም ጉድለት በትዕግሥት ያዳምጥ ነበር። አለማወቁን ማወቁ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

በ1945 ሊዮ ፌንደር ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛና የመሣሪያ ፈጣሪ ጋር ሆኖ ኬ ኤንድ ኤፍ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። የሚሠሩትም በጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱትን የሐዋይ ጊታርና ማጉያውን ነበር። ካውፍማን በ1946 ከሽርክናው ሲወጣ ፌንደር በራሱ ስም ፋብሪካ ከፈተ። በ1948 ደግሞ ጆርጅ ፉለርተን የሚባል ወጣት ተቀጠረ፤ እርሱም ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው አብሮት ሠራ። የሰውየውና የከተማው ስም አንድ በመሆኑ ከተማው በእርሱ የተሰየመ የሚመስላቸው አሉ። ከተማው ግን ስሙን ያገኘው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ የባቡር ኩባንያ ወኪል ከነበረ ሌላ ፉለርተን ነው። ጊታር ሠሪው በዚያን ጊዜ አልተወለደም።

ፋብሪካው በ1950 ገላው ውስጡ ክፍት ያልሆነ፣ ከጠንካራ ጣውላ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረበ። አንደኛው ብሮድካስተር ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ግሬች የሚባለው ኩባንያ ለከበሮዎቹ ተመሳሳይ ስም ይጠቀም ስለ ነበር ተቃውሞ አቀረበ። ፌንደርም በ1951 ስሙን ከመለጠፊያው ላይ ቆርጦ ጣለ፤ ጥቂት ቆይቶም ቴሌካስተር የሚል ስም ተሰጠው። በመካከሉ ያለ ስም የወጡት ጊታሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ሆነዋል። እነዚህ ጊታሮች ስማቸው የጎደለው በክርክር ምክንያት ነው እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚያወሩት በምሥጢር ስለ ተሠሩ አይደለም።

ወደ ባሱ እንምጣ። በዚያ ዘመን የባስ ተጫዋች የሚይዘው ቆሞ የሚጫወተውን ትልቁን ኮንትራባስ ነበር። መሣሪያው ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ በመኪና ለመጫን ያስቸግራል፤ ከከበሮና ከጥሩምባ ጋር ሲሆን ደግሞ ድምፁ ይዋጣል። አንገቱ ላይ ምልክት ስለሌለው ጣት የት ላይ መጫን እንዳለበት የሚያውቀው የሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው። ፌንደር በ1951 መጨረሻ ገደማ ለሽያጭ ያቀረበው ባስ ጊታር እነዚህን ችግሮች በአንድ ጊዜ አቃለለ። አራት አውታር አለው፤ የሚርገበገበው የአውታሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች በመተከላቸው ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት ያገኘዋል። ስሙም ፕሪሲዥን ባስ የተባለው ስለዚህ ነው፤ ትርጉሙ ትክክለኛነት ማለት ነው። በአውታሮቹ ሥር የተቀመጡት ማግኔትና ጥቅል ሽቦ የብረት አውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጡታል፤ ማጉያውም አጉልቶ ያሰማዋል።

መሣሪያው እንዲህ በመስፋፋቱ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ማንኛውም የኤሌክትሪክ ባስ ፌንደር ባስ እየተባለ ይጠራ ነበር። ሁለተኛው ታላቅ ወሬ የመጣው ከዚህ ነው፤ ይኸውም ባስ ጊታርን በዓለም መጀመሪያ የፈጠረው ሊዮ ፌንደር ነው የሚለው ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ፖል ታትማርክ የሚባል የሲያትል ከተማ ሙዚቀኛና መምህር በ1930ዎቹ አጋማሽ ኦዲዮቮክስ 736 የሚባል የኤሌክትሪክ ባስ ሠርቶ ሸጧል። ያም ባስ ጠንካራ ገላ፣ አራት አውታርና ፍሬቶች ነበሩት፤ እንደ ጊታርም አግድም ተይዞ ይመታ ነበር። ልጁም በ1940ዎቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ባስ ለገበያ አቅርቧል። ነገር ግን የተሠሩት ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ከአካባቢያቸውም ብዙ ስላልራቁ ተረሱ። ታትማርክ በ1972 ሲሞት ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ይህ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ወሬው ወደ ሌላው ጫፍ ዘለለ። ፌንደር የታትማርክን ሥራ ሰርቆ የራሱ አስመሰለው የሚሉ ተነሡ። ለዚህም ክስ ማስረጃ አልቀረበም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር ሲገጥማቸው ተመሳሳይ መፍትሔ ሊያገኙ ይችላሉ። ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ቀዳሚነቱ የታትማርክ ነው፤ ባስ ጊታርን የዓለም መሣሪያ ያደረገው ግን ፌንደር ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን ማዋረድ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ወሬ ከሁሉ የከፋው ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ ባስ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ሊዮ ፌንደር በገዛ እጁ የሠራው ነው ተብሎ ሲወራለት ይሰማል። ፌንደር ሲነድፍ፣ ሲሞክርና ማሽን ሲያስተካክል የሚውል ሰው ነበር እንጂ እያንዳንዱን ጊታር ጠርቦ የሚገጥም አናጢ አልነበረም። ሥራው በብዙ ሰዎች እጅ ያልፍ ነበር። አንዱ ገላውን ይቆርጣል፤ ሌላው አንገቱን ይሞርዳል፤ ሌላዋ ሽቦ ትጠቀልላለች፤ ሌላው ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም ገላና አንገት በአራት ብሎን ይታሠራሉ። የቀድሞ ጊታር ሠሪዎች አንገቱን በሙጫ ሲያጣብቁት ፌንደር በብሎን ያሰረው፣ ክፍሎቹ ለየብቻቸው በብዛት እንዲሠሩና ሲበላሹም በቀላሉ እንዲለወጡ ብሎ ነው። የፌንደር ትልቁ ብልኀት ይኸው ነበር፤ አንድ ጊታር አሳምሮ መሥራት ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ተባብሮ በየቀኑ ሊሠራው የሚችል ጊታር ማሰብ።

እነዚህ ሠራተኞች እነማን ነበሩ? ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከሜክሲኮ የዘር ሐረግ የመጡ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ታዴኦ ጎሜዝ የሚባለው ሠራተኛ በ1950ዎቹ አንገት የሚቀርጽ ነበር። አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ድብቅ ስፍራ ላይ ቲ. ጂ. የሚሉትን የስሙን መነሻ ፊደሎችና ቀኑን በእርሳስ ይጽፍ ስለ ነበር፣ የጻፈባቸው አንገቶች ዛሬ በጣም ተፈላጊ ናቸው። አቢጌይል ኢባራ በ1956 ተቀጥራ ለአምሳ ዓመታት ከዚያም በላይ የማግኔት ሽቦ ስትጠቀልል ኖራ በ2013 ጡረታ ወጣች። በሐዋይ የተወለደው ፍሬዲ ታቫሬስ በ1953 ገብቶ፣ በ1954 የወጣውን ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር በመንደፍ ረዳ። ከ1954 ጀምሮ የፋብሪካውን ሥራ ያደራጀው ፎረስት ዋይት ሲሆን፣ ሽያጩን የሚመራው ደግሞ ዶን ራንዶል ነበር። በጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈው ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።

አንድ አሮጌ ባስ መቼና በማን እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል? በአንገቱ ጫፍ ላይ የተጻፈው ቀን አንገቱ የተሠራበትን ቀን እንጂ ባሱ የተገጠመበትን ቀን አያመለክትም። ተራ ቁጥሩም ቢሆን አያስተማምንም፤ ቁጥር የታተመባቸው ሳሕኖች ከሣጥን እየታፈሱ በቅደም ተከተል ሳይሆን እንደተገኙ ይታሠሩ ነበርና። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ ላይ የታተመው ቁጥር የተሻለ ምስክር ነው። ለምሳሌ 3046315 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 304 የአምራቹን ኩባንያ፣ 63 ዓመቱን፣ 15 ደግሞ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታል። ይህም ቢሆን ባሱ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ይነግረናል፤ ምክንያቱም ፋብሪካው በ1966 በብዛት የገዛቸውን መቆጣጠሪያዎች ለዓመታት ሲጠቀምባቸው ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። አንገቱ፣ መቆጣጠሪያው፣ የቀለሙ ዓይነትና የሽቦው ብየዳ አንድ ቃል ሲናገሩ ነው ዳኛው ሊያምን የሚችለው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለው የአባቶች ምክር ለጊታር ገዢም ይሠራል።

የተረሳው ግን መሣሪያውን የሠራው ብቻ አይደለም፤ የተጫወተውም ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በላዮነል ሃምፕተን ጓድ ውስጥ ፌንደር ባስን በየአገሩ ካሰሙት አንዱ መንክ ሞንትጎመሪ ነበር። ከእርሱ በኋላ በዲትሮይት ከተማ፣ በሞታውን ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ጄምስ ጄመርሰን በ1962 የተሠራ ፕሪሲዥን ባስ ይዞ በ1960ዎቹ ዓለም የጨፈረባቸውን እጅግ ብዙ ዘፈኖች ተጫወተ። ዘፈኖቹ በሚሊዮን ሲሸጡ የባስ ተጫዋቹ ስም በሸክላው ሽፋን ላይ አልነበረም። ስሙ በሞታውን አልበም ላይ የተጻፈው በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ ሥራ ላይ ነው። ከፋብሪካው ሠራተኛ ጀምሮ እስከ ስቱዲዮው ተጫዋች ድረስ ስም የመቅረት ዕጣ አንድ ነበር።

ፌንደር በ1960 ጃዝ ባስ የሚባለውን ሁለተኛ ባስ አወጣ። ፋብሪካው እያደገ ሲሄድ ጤንነቱ ግን እየደከመ ሄደ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማይለቅ የቁስለት በሽታ ይዞት ስለ ነበር፣ ብዙ የምኖር አይደለሁም ብሎ ድርጅቱን ለመሸጥ ወሰነ። በጥር ወር 1965 ሲ ቢ ኤስ የሚባለው ታላቅ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከሽያጩ በኋላ ሌላ ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሰጥቶት ዳነ። ይህ ተረት ቢመስልም እውነት ነው።

ከሽያጩ ጋር አራተኛው ወሬ ተወለደ። ከ1965 በፊት የተሠራው ሁሉ ወርቅ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ ጉድፍ ነው ይባላል። ፋብሪካው ግን ባለቤቱ በተለወጠ ማግሥት ሌላ ፋብሪካ አልሆነም። እነዚያው ሠራተኞች በእነዚያው ማሽኖች ላይ፣ አስቀድሞ የተዘጋጁትን ክፍሎች ሲገጥሙ ቆዩ። ለውጡ ቀስ በቀስ መጣ፤ ጥራቱ በ1970ዎቹ መውረዱም ብዙዎች የሚስማሙበት ነው። ቢሆንም አንድን ባስ መመዘን ያለበት በባለቤቱ ስም ሳይሆን በራሱ በመሣሪያው ነው። እንደዚሁም ከ1982 ጀምሮ በጃፓን፣ ፉጂጄን በሚባለው ፋብሪካ የተሠሩትን ፌንደሮች አስመሳይ የሚሏቸው አልጠፉም። እነዚያ በሕጋዊ ውል የተሠሩ ነበሩ፤ በሥራቸው ንጽሕናም ለተመሰገኑት የጃፓን ሠራተኞች ክብሩ ሊሰጣቸው ይገባል። በ1985 ሲ ቢ ኤስ ድርጅቱን ለራሱ ለድርጅቱ ኃላፊዎች ሲሸጥ የፉለርተኑ ፋብሪካ በሽያጩ ውስጥ ስላልነበረ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ለጊዜው የተማመኑት በአብዛኛው በጃፓን ሥራ ላይ ነበር።

ሊዮ ፌንደር ከዳነ በኋላ ተቀምጦ ገንዘቡን አልበላም። በሽያጩ ውል መሠረት ለአሥር ዓመት ያህል ተወዳዳሪ ሆኖ መነገድ ተከልክሎ ነበር። ጊዜው ሲያልፍ በ1975 ሚዩዚክ ማን የሚባለው ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1976 ስቲንግሬይ የሚባለው ባስ ከዚያ ወጣ። በ1980 ገደማ ደግሞ ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙ ከጆርጅና ከሊዮ የመጀመሪያ ፊደሎች የተወሰደ ነው። አዲሱን ፋብሪካ ፌንደር ብሎ ሊሰይመው አልቻለም፤ ስሙን ከፋብሪካው ጋር ሸጦታልና። እንግዲህ የነገሩን ግርምት ተመልከቱ። በእጁ ያልሠራቸው ጊታሮች በስሙ ሲጠሩ፣ በሽምግልናው የነደፋቸው መሣሪያዎች በሌላ ስም ወጡ። ስም ማለት የሠሪው እጅ ምስክር ሳይሆን የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ በራሱ ሕይወት የቀመሰው እርሱ ነው።

በመጨረሻ ዘመኑ ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ቢያዝም ወደ ሥራ ክፍሉ መሄዱን አላቋረጠም። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ሞተ። የሥራ ክፍሉ እንደ ነበረ እንዲቆይ ተደረገ።

ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? ወሬውን ሁሉ ስንገፍፈው የፌንደር ክብር የሚያንስ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን አላነሰም። ጊታር የማይጫወት፣ የመጀመሪያውን ባስ ያልፈጠረ፣ በእጁም ሁሉን ያልሠራ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሌላውን ችግር ማዳመጥና የብዙዎችን ሥራ ማቀናጀት በመቻሉ ሙዚቃን ለወጠ። ይህ ከወሬው ጀግና የሚበልጥ ሰው ነው፤ ልንመስለውም የምንችለው እርሱን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የባስ ጊታሩንም ታሪክ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስንጭነው ይከብዳል፤ ለታትማርክ፣ ለጎሜዝ፣ ለኢባራ፣ ለታቫሬስ፣ ለፉለርተንና ለጄመርሰን ስናከፋፍለው ግን ለሁሉም ጌጥ ይሆናል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ኃላፊነት የምንቀበል ተማሪዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው። በበሩ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል፤ በውስጥ ያሉትን ሠራተኞች ስም መዝግቦ ማኖር ግን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው።